የመስቀለኛው መንገድ አበልጅ

እኛ መንደር ለልጅ ስም የሚያወጣው አባቱ አይደለም፤ እናቱማ ጭራሽ አትጠየቅም። መብቱ የአበልጁ ነው። ክርስትና የሚያነሳው ሰው ሕፃኑን ታቅፎ ቄሱ ፊት ይቆማል፣ ቄሱ ስሙን ይጠይቃል፣ አበልጁ የወደደውን ይናገራል። ወላጆቹም እንደማንኛውም ተመልካች ያኔ ይሰማሉ። ካልወደዱት ይለምዱታል። ከእኛ በላይ ባለው መንደር አንድ አበልጅ በሰርግ ላይ አጥንት ብቻ ቀረበልኝ ብሎ ቂም ያዘና፣ የደጋሾቹን ልጅ በበሬ ስም ሻሮንያ አለው። ሻሮንያ ዛሬ ሽማግሌ ነው። ደህና ሰው ነው፤ ብቻ ሲጠሩት ቶሎ አይዞርም።

አበልጅነት እንደ ርስት ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳል። የቶሾቪች ቤት የቺርያኒች ቤትን ልጆች ክርስትና ማንሳት የጀመረው መቼ እንደሆነ የሚያስታውስ ሰው የለም። አበልጅ አይባረርም፤ የተጠራ አበልጅም አልመጣም አይልም። እግዚአብሔር በሰማይ፣ አበልጅ በምድር ይባላል እኛ ዘንድ። ሁለቱንም መርጦ ያመጣቸው የለም።

ለዚህ ነው ቪዶዬ ቺርያኒች ወንድ ልጅ ተወለደለት የተባለ ዕለት፣ ከሱቄ ፊት ለፊት አግዳሚው ላይ የተቀመጡት ሰዎች እንኳን ማርያም ማረቻት ከማለታቸው በፊት ዞረው ወደ ኦብረን ቶሾቪች ቤት ያዩት።

ሱቄ ትርኖቪክ መሐል ላይ ነው፤ ከቻቻክ ከተማ የሚመጣው መንገድና ወደ ተራራው የሚወጣው መንገድ የሚሻገሩበት ቦታ። ቤተ ክርስቲያኑ ማዶ ነው። ያኔ አገሪቱን ይመሩ የነበሩት ማርሻል ከሞቱ ጥቂት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ፎቷቸው ግን ከቢራ ሣጥኖቹ በላይ እንደተሰቀለ ነው፤ አውርደው ያለኝ ስለሌለ። ቺርያኒቾችም ቶሾቪቾችም ከእኔ ይገዛሉ። ስለዚህ አስተያየት የለኝም።

ጠባቸው የአረቄ ጠብ ነው። አያቶቻቸው አብረው የገዙት አንድ የመዳብ አረቄ ማውጫ ነበራቸው፤ ፕሪም በደረሰ ቁጥር በተራ ያወጡበታል። አንድ መከር ላይ ኦብረን ተራው የእኔ ነው አለ። የቪዶዬ እናት ስታመንካ የእኛ ነው አለች። ስታመንካ የእኛ ነው ያለችው ነገር የእነሱ ሆኖ ስለሚቀር እነሱ አወጡ። ከዚያ ዝናብ ገባ፣ የኦብረን የፕሪም ጥንስስ በርሜሉ ውስጥ ኮመጠጠ። በማግስቱ ኦብረን የማውጫውን ድስት ተሸክሞ ጎተራው ውስጥ ቆለፈበት። ስታመንካም ክዳኑንና ቱቦውን ወስዳ አልጋዋ ሥር አስገባች። ከዚያ ወዲህ አንዱ ቤት ድስት አለው፣ አንዱ ቤት ክዳን አለው፤ አረቄ ግን ሁለቱም ከሰው ይገዛሉ። በመሐላቸው ያለው አንድ የጣውላ አጥር ነው፤ በዚያ አጥር ላይ ከዚያ ቀን ወዲህ እንደምን አደርክ የሚል ቃል አልተሻገረም።

ከጠቡ በፊት በነበረው ጸደይ የቪዶዬ ሚስት ዛጎርካ ሴት ልጅ ወልዳ ነበር። ኦብረን ክርስትና አነሳት፤ በሟች እናቱ ስም ፔትሪያ አላት። እሱ ሚስቱ የሞተችበት፣ ልጅም የሌለው ሰው ነው። ሕፃኗን ታቅፎ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ ያየሁት ፊት ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እሱ ላይ አላየሁትም። በአረቄው የተጣሉት በመከር ነው። ሕፃኗ በክረምቱ፣ በረዶ ተራራውን በዘጋበት ሳምንት፣ በትኩሳት ሞተች። ስትቀበር ኦብረን ከመቃብሩ አጥር ውጭ ቆቡን አውልቆ ቆመ። ግባ ያለው የለም። እሱም አልገባም።

አሁን ደግሞ ወንድ ተወለደ። ደንቡ እንዲህ ነው፦ የልጁ አባት በእንጨት ኮዳ አረቄ፣ በነጭ ጨርቅ ዳቦ ይዞ ወደ አበልጁ ቤት ይሄዳል፤ አበልጄ ሆይ ልጅህን አንሳልን ይላል። ሳምንቱ አለፈ፤ ቪዶዬ ኮዳውን አላነሳም። ኦብረን ግን በየጠዋቱ ነጭ ሸሚዝ እየለበሰ አግዳሚው ላይ መቀመጥ ጀመረ።

"ነጭ ለብሰሃል" አለው ክርስቲቮዬ፣ ጣሪያ የሚመታው። "የሞተ አለ እንዴ?"

"የተወለደ አለ።"

"ጠሩህ?"

"ይጠሩኛል። የት ይሄዳሉ?"

"ስሙንስ አዘጋጅተሃል?"

"አዘጋጅቻለሁ።"

ራደንኮ ጠርሙሱን ከአፉ አወረደ። ራደንኮ ሥራው ምን እንደሆነ አላውቅም፤ አግዳሚው ላይ ነው የሚውለው። "እስቲ ለእኛ ብቻ ንገረን" አለ።

"ለአንተ ብቻ ብነግርህ ማታውን ቻቻክ ይገባል። ቤተ ክርስቲያን ይሰሙታል። ከሁሉ በፊት ስታመንካ ትሰማዋለች።"

"መጥፎ ነው?"

"ስም ነው። ስም ዕድሜ ልክ ነው" አለ ኦብረን፤ ቢራውንም ጠጣ።

እሱ በሄደ ቁጥር አግዳሚው ለሕፃኑ ስም ሲያወጣ ይውላል። ክርስቲቮዬ ኮምጣጤ ይለዋል አለ፤ ለጥንስሱ መታሰቢያ። ራደንኮ የለም፣ ክዳን ነው የሚለው አለ። ቄሱ አይቀበልም ተባለ። ሻሮንያን ተቀብሎ የለም እንዴ ተባለ። የሻሮንያ ቄስ ሌላ ነበር፤ ያም ቢሆን ቄስ ነበር።

ይህ ሁሉ ወሬ ስታመንካ ጆሮ ለመድረስ አንድ ከሰዓት በኋላ በቃው። በማግስቱ ጨው ልትገዛ መጣች። ጨው አልጎደለባትም፤ ከሁለት ቀን በፊት ወስዳለች። ጥቁር ሻሿን እንዳሰረች በሩ ላይ ቆመችና፣ አግዳሚው ላይ በአንድ ክንድ ርቀት የተቀመጠውን ኦብረንን ትታ ወደ እኔ ዞረች።

"ሚሌንኮ" አለችኝ፣ "እዚህ አግዳሚህ ላይ ላለው ነገር ንገርልኝ። ነጩን ሸሚዝ ያውልቀው፤ ይቆሽሽበታል።"

"ሚሌንኮ" አለ ኦብረን ወደ መንገዱ እያየ፣ "ሸሚዙ አይቆሽሽም በላት። ሥራ አላበዛበትም፤ ልጅ ብቻ ነው የሚያቅፍበት።"

"የእኛን ልጅ አያቅፍም በለው።"

"አበልጅ ይሻራል ወይ ብለህ ጠይቃት። በአባቷ ዘመን ሲሻር አይታ ከሆነ ትንገረን።"

እኔ ጨው እየመዘንኩ ነበር። ለሁለቱም ምንም አላልኩም፤ የሚያስፈልገኝም አልነበረም፣ እርስ በርስ በደንብ ይሰማማሉ።

ያኔ ስታመንካ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷን ወደ እሱ አዞረች። ድምጿን አላነሳችም።

"እጁ ከባድ ነው" አለች። "አንዷን አንስቶ የት እንዳደረሳት መቃብሩ ላይ ተጽፏል። ሁለተኛውን ለዚያ እጅ አልሰጥም።"

እኛ ዘንድ አበልጅን ሌባ ማለት ይቻላል፣ ሰካራም ማለት ይቻላል፣ ብዙዎቹ ላይ እውነትም ነው። እጅህ ከባድ ነው ማለት ግን ያነሳኸውን ልጅ አንተ ገደልከው ማለት ነው። ኦብረን የጀመረውን ቢራ መሬት ላይ አስቀመጠና ተነሥቶ ሄደ። ቢራውን ራደንኮ ጨረሰለት።

ከባድ እጅ ያለውን አበልጅ ለመለወጥ አንድ መንገድ ብቻ አለ፤ ያም መንገድ ቃል በቃል መንገድ ነው። ሕፃኑን ማለዳ መስቀለኛ መንገድ ላይ ያስተኙታል። ቤተሰቡ ይደበቃል። መጀመሪያ የሚያልፈው ሰው ያነሳዋል፤ ያነሳውም ሰው አበልጅ ይሆናል። ይሁን የሚለው የለም፣ አይሁን የሚለውም የለም። ለማኝ ቢሆን፣ ወታደር ቢሆን፣ ከባዕድ አገር የመጣ ነጋዴ ቢሆን ያው ነው።

"ድብ ቢቀድምስ?" አለ ራደንኮ።

"ድብ ከሆነ ድቡ ነው" አለ ክርስቲቮዬ። "የቺርያኒቾችን ምሳ ከበላ በኋላ ተመልሶ ጫካ ይገባል።"

ቪዶዬ በዚያው ቀን ሱቁ ውስጥ ብቻዬን ሳለሁ መጣ። ቪዶዬ መጨረሻ ላይ ካናገረው ሰው ጋር የሚስማማ ሰው ነው፤ መጨረሻ ላይ ያናገረችው ደግሞ ምንጊዜም እናቱ ናት።

"ቅዳሜ መስቀለኛው ላይ እናስተኛዋለን" አለኝ። "ፋብሪካ አብሮኝ የሚሠራ ስላጃን የሚባል ልጅ አለ፤ ጥሩ ልጅ ነው። ከቻቻክ በሞተር ሳይክል ጎህ ሲቀድ ይመጣል። መጀመሪያ ያለፈው እሱ ይሆናል።"

"እንዲያ ከሆነ ተስማምታችኋል እንጂ እግዚአብሔር አልመረጠውም።"

"እግዚአብሔርም ስላጃንን ቢያውቀው ይመርጠው ነበር። አንተ ብቻ ዳቦ የሚያመጣውን መኪና አዘግይልኝ። ለሰዉም ንገርልኝ፣ ቅዳሜ ጠዋት ማንም እንዳይወጣ።"

ለሰዉ ነገርኩ። ስህተቱ እዚያ ላይ ይመስለኛል፤ ለሰዉ ሲነገር ኦብረንም ሰው ነው።

ዓርብ ዕለት ዛጎርካ ሳሙና ልትገዛ መጣች። ከሞራቫ ወንዝ ማዶ ካለ መንደር የተዳረች ሴት ናት፤ እዚህ ከመጣች ወዲህ ረጅም ዓረፍተ ነገር ስትናገር የሰማት የለም።

"አንቺ ምን ስም ትወጂ ነበር?" አልኳት፣ ዝም እንዳይሆን።

"እኔን ማን ይጠይቀኛል?"

"እኔ እየጠየቅሁሽ አይደለም እንዴ?"

"አንተ ሱቅ ነህ" አለችኝ፣ ሳሙናዋንም ይዛ ሄደች።

ቅዳሜ ማለዳ ከወንዙ የወጣው ጭጋግ መንገዱ ላይ ተኝቶ ነበር። ትርኖቪክ እንደዚያ ጠዋት ባዶ ሆኖ አያውቅም። ላሞች በረት ውስጥ ታስረው ይጮሃሉ፣ የሚከፍትላቸው የለም። በየመስኮቱ መጋረጃ ግን አንድ አንድ ዓይን የሚያህል ክፍተት ነበረው። ማዶ ቄስ ቲሆሚር የቤተ ክርስቲያኑን በር ከፍቶ ደፉ ላይ ቆሟል፤ ለክርስትናው ተዘጋጅ የተባለው እሱ ነበር፣ ስለመንገዱ ግን የሰማም አልመሰለም፣ ቄስ ነውና።

ስታመንካ ሕፃኑን በሱፍ ብርድ ልብስ ጠቅልላ መስቀለኛው ላይ አስተኛችው። አማተበችበትና ከልጇና ከምራቷ ጋር ከሱቄ ግድግዳ ጀርባ ተደበቀች። እኔ ውስጥ ነበርኩ፤ በጓሮ መስኮት በኩል ሲነጋገሩ እሰማለሁ።

"የሞተር ድምፅ አልሰማም" አለች ስታመንካ።

"ይመጣል እማዬ። ጭጋግ ነው።"

"ጭጋግ የሚፈራ አበልጅ ነው ያመጣህልኝ?"

የራደንኮ ውሻ ከየት እንደሆነ ብቅ አለና ወደ ብርድ ልብሱ መሄድ ጀመረ። ቪዶዬ ድንጋይ አነሳ።

"ተወው" አለች እናቱ። "ውሻ አይቆጠርም።"

"ይልሰዋል።"

"ይላሰው። ልሶ አይሰይመውም።"

ዛጎርካ ግድግዳውን በእጇ ይዛ ልጇ ወዳለበት ትመለከታለች። ውሻው አሽትቶ ሄደ። ሕፃኑ ማልቀስ ጀመረ፤ ጮክ ብሎ አይደለም፣ እንደነገሩ።

ከዚያ ጫማ ተሰማ። ከተራራው በኩል ነው፣ ከከተማው አይደለም። ጭጋጉ ውስጥ ነጭ ሸሚዝ ታየ። ኦብረን በትከሻው ኮዳ አንግቧል፤ የሚያመጣለት ስላልነበረ የራሱን ይዞ መጥቷል። አልሮጠም። ወፍጮ ቤት እንደሚሄድ ሰው እየተራመደ መጣ፣ ብርድ ልብሱ ጋ ሲደርስ ቆመ፣ ጎንበስ ብሎ ሕፃኑን አነሳው። ሕፃኑ ዝም አለ። ይህ የኦብረን ብልሃት አይደለም፤ የተነሳ ሕፃን ዝም ይላል።

ስታመንካ ከግድግዳው ጀርባ ወጣች። "አስቀምጠው" አለች።

"መንገድ ላይ የተጣለ ልጅ አገኘሁ" አለ ኦብረን። "የማን ነው?"

"የማን እንደሆነ ታውቃለህ።"

"አላውቅም። መንገድ ላይ ነው የነበረው። ሰው ልጁን መንገድ ላይ አያስተኛም።"

"ተደብቀህ ስትጠብቅ አድረሃል።"

"አንቺስ ከሱቅ ጀርባ ምን ትሠሪያለሽ? ጨው አለቀብሽ?"

መጋረጃዎቹ ሁሉ ተከፈቱ። ከእንግዲህ መደበቅ ትርጉም አልነበረውም። ቪዶዬ እጁን ዘረጋና፣ ምን ሊያደርግበት እንደዘረጋው ስለጠፋው፣ መልሶ ኪሱ ከተተው።

"የመጀመሪያው መንገደኛ እኔ ነኝ" አለ ኦብረን። "ይህን መንገድ የመረጥሽው አንቺ ነሽ። በአሮጌው ደንብ አበልጅሽ ነበርኩ፣ በአዲሱም አበልጅሽ ሆንኩ። ሦስተኛ ደንብ ካለሽ አምጪ።"

እሱም ሕፃኑን ታቅፎ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ተሻገረ። እነሱም ተከተሉት፤ እኔም ሱቄን ዘግቼ ተከተልኩ፤ ከየቤቱ የወጣው ሕዝብም ተከተለ። አንዳንዱ ጫማ እንኳ አላደረገም ነበር።

ቄስ ቲሆሚር የማጥመቂያውን ውሃ አሙቆ ነበር። ሰው ሁሉ ሲገባ አይቶ የበዓል ቀን የዘነጋ መስሎት ግራ ገባው፤ ግን ጸሎቱን ጀመረ። ከዚያ ወደ ኦብረን ዞሮ፣ "የዚህ የእግዚአብሔር አገልጋይ ስም ማን ይባላል?" አለ።

ኦብረን ፊቱን ወደ በሩ አዞረ።

"ስሙ" አለ ቄሱ።

"ስሙን አዘጋጅቻለሁ፣ አባ። ግን መጀመሪያ አንድ ነገር ይጣራልኝ። ስታመንካ እጄ ከባድ ነው ብላለች። ከባድ ከሆነ ምላሴም ከባድ ሊሆን ይችላል፤ በልጁ ላይ ምን እንደማወርድ አላውቅም። ስለዚህ እዚሁ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ትንገረኝ። ከባድ ነው ወይስ ቀላል?"

"ስሙን ተናገር" አለች ስታመንካ ከበሩ በኩል።

"መልሽልኝ።"

"ተናገርና ወደ ቤትህ ሂድ።"

"ቀላል ነው በይኝ፣ እናገራለሁ። ከባድ ነው ካልሽ፣ ልጅሽን እንዳልተጠመቀ ውሰጂው። አረመኔም ሆኖ ያድጋል፣ ብዙ አይለይም፤ ቤቱ ያው ቤት ነው።"

ቄሱ፣ "ልጆቼ፣ ውሃው እየቀዘቀዘ ነው" አለ። የሰማው የለም። ስታመንካ ቀላል ነው ብትል ያች ሕፃን ለምን ሞተች ተብላ መጠየቅ ይመጣል፤ ከባድ ነው ብትል ሁለተኛው የልጅ ልጇ ሳይጠመቅ ይወጣል። እሱም ይህን ያውቃል። ሳይቸኩል ይጠብቃል። ጉልበቱ የደከመበት ሳይመስል ሕፃኑን ከአንዱ ክንድ ወደ ሌላው አዛወረው።

በዚህ መሐል በሩ ተከፈተና አንድ ወጣት የሞተር ሳይክል ቆብ እንዳጠለቀ ገባ። "ይቅርታ" አለ። "መንገዱ አልታይ ብሎኝ... ዘገየሁ?"

"ቆብህን አውልቅና ቁም" አለው ክርስቲቮዬ። ስላጃን አወለቀና ቆመ።

ያኔ ነው ዛጎርካ ከበሩ ተነሥታ በሰዉ መሐል ወደፊት የመጣችው። እናት ክርስትና ላይ ወደፊት አትመጣም። ሰዉ ግን ለምን እንደሆነ ሳያውቅ መንገድ ለቀቀላት። ማጥመቂያው ጋ ስትደርስ መጀመሪያ ወደ አማቷ ዞረች።

"እማማ፣ እጃቸው ከባድ አይደለም" አለች። "ያን ቀን በረዶው መንገዱን ሲዘጋ፣ ልጄ ስትቃጠል፣ በረዶ የሚጥስ ትራክተር የነበረው ቤት አንድ ብቻ ነበር። አጥሩን ተሻግሬ ልለምን ስል በሩ ላይ የቆሙት እርስዎ ነዎት። ከዚያ ቤት ውሃ እንኳ አንጠይቅም አሉኝ። በእርጥብ ጨርቅ ያዣት፣ ይተዋታል አሉኝ። ባሌም ያኔ እንደአሁኑ ጣሪያ ያይ ነበር።"

ቪዶዬ እውነትም ጣሪያ እያየ ነበር። ዓይኑን አወረደው፤ የሚያሳርፍበት ግን አላገኘም።

ኦብረን ቀና አለ። ደረቱ ነጩን ሸሚዝ ሞላው። እንደተፈረደለት ሰው ዙሪያውን አየ።

"እርስዎም ቀና አይበሉ፣ አበልጅ" አለች ዛጎርካ። አክብሮቱን አልተወችም፤ ያ ነው የከፋው። "መብራትዎ በርቶ ነበር። ስታለቅስ ይሰማ ነበር፤ እኔም ሳለቅስ ይሰማ ነበር። መጋረጃውን ገልጠው ወደኛ ሲያዩ አይቻለሁ። ትራክተሩ ጓሮዎ ቆሟል። መጥተው ይለምኑኝ ብለው ጠበቁ። እማማም መጥቶ ይጠይቀን ብለው ጠበቁ። ሁለታችሁም ጠበቃችሁ። እሷ አልጠበቀችም።"

ስታመንካ ግድግዳውን ተደገፈች።

"ስሙ ቡዲሚር ነው" አለች ዛጎርካ ወደ ቄሱ ዞራ። "የአባቴ ስም ነው። ከእናንተ ከማንኛችሁም ጋር ተጣልቶ አያውቅም፤ አያውቃችሁም ነበርና።"

ቄስ ቲሆሚር ጺሙን ነካ። "ልጄ" አለ፣ "ደንቡን ታውቂያለሽ። ስሙን የሚናገረው አበልጁ ነው።"

"ይናገሩ እንጂ። ነገርኳቸው እኮ።"

ሁሉም ኦብረንን አየ። ያዘጋጀው ስም ምን እንደነበር ያን ጊዜ ብቻ ነበር መስማት የምንችለው። ዛሬም ድረስ አልተናገረውም። ራደንኮ የበሬ ስም እንደነበር ይምላል፤ ክርስቲቮዬ ግን የራሱን ስም ሊሰጠው ነበር ይላል፤ ዘር የሌለው ሰው ሌላ ምን ያስባል ብሎ። እኔ አስተያየት የለኝም።

"ቡዲሚር" አለ ኦብረን።

"አልተሰማም" አለ ቄሱ። ሊያጠቃው ብሎ አይደለም፤ ጆሮው ደከም ያለ ነው።

"ቡዲሚር ነው።"

ከዚያ ሥርዓቱ ቀጠለ። አበልጁ ፊቱን ወደ ምዕራብ አዙሮ ሰይጣንን ይክዳል፤ ይተፋበታልም። ምዕራቡ በሩ ያለበት ነው፣ በሩ ላይ ደግሞ ስታመንካ ናት። ከግማሽ ሰዓት በፊት ቢሆን ኖሮ ኦብረን ይህን ክፍል በደስታ ይፈጽመው እንደነበር አልጠራጠርም።

"ሰይጣንን ትክዳለህን?" አለ ቄሱ።

"እክደዋለሁ።"

"ትፋበት።"

ኦብረን ከንፈሩን አንቀሳቀሰ። "ምራቅ የለኝም፣ አባ" አለ።

"ያለህን ያህል።"

ያለውን ያህል ተፋ። ምንም አልወጣም። ቄሱ ቆጠረለት።

ሲያልቅ አበልጁ የተጠመቀውን ልጅ ታቅፎ ወደ ግቢው ይወጣል፣ እናትየውን ያገኛታል፣ ያልተጠመቀ ሰጠሽኝ፣ ክርስቲያን አድርጌ መለስኩልሽ ይላታል። እናትየዋም ልጇን ትቀበልና የአበልጁን እጅ ትስማለች። ማንም ይህን ሳያደርግ ከዚያ ግቢ ወጥቶ አያውቅም፤ ሻሮንያ እንኳ ሲጠመቅ እናቱ እያለቀሰች ስማለች።

ዛጎርካ ደረጃው ሥር ቆማ ነበር። ኦብረን ወርዶ መጣ።

"ያልተጠመቀ ሰጠሽኝ" አለ። "ክርስቲያን አድርጌ መለስኩልሽ።"

ልጁን ተቀበለችው። ብርድ ልብሱን በአንገቱ ዙሪያ አስተካከለች። ኦብረን ቀኝ እጁን ዘረጋ፤ ደንቡ ነው፣ እንደ ሁሉም አበልጅ ዘረጋው። ዛጎርካ እጁን አየችው።

"እጄ ሙሉ ነው" አለች።

እና በበሩ ወጣች። ቪዶዬ ወደ እናቱ አየ፣ ወደ ሚስቱ ጀርባ አየ፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ይመስለኛል፣ ምን ላድርግ ብሎ ማንንም ሳይጠይቅ ተከተላት። ስላጃን ሞተሩን አስነሳ፤ ምሳ ይኖር ይሆን ብሎ ክርስቲቮዬን ጠየቀው፣ የለም ተባለ። ሕዝቡ ላሞቹን ሊፈታ ተበተነ። ራደንኮ ሱቁ ይከፈታል ወይ አለኝ፤ ቆይ አልኩት።

ግቢው ውስጥ ሁለቱ ብቻ ቀሩ። ኦብረን እጁ እንደተዘረጋ ነው፤ ስታመንካ ከበሩ ወርዳ በአንድ ክንድ ርቀት ቆማለች። በመሐላቸው መልእክት የሚያስተላልፍላቸው ሰው አልነበረም፤ እኔም መንገዱን ተሻግሬ ቁልፌን እየፈለግሁ ነበር።

"እጅህን አውርድ" አለችው ስታመንካ። "ሰው ያያል።"